የአባቴ ፉርጎ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሕፃናት ተቅማጥ የጀመርኩትን እቀጥላለሁ ብላችሁ የጠበቃችሁ ይቅር በሉኝ፤ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ባቡር ነው። ጭፍራ ተቀምጣ ስለ ባቡር ምን ታወራለች የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጭፍራ ሐዲድ የለም። ለእኛ ይቀርባል የተባለው ከአዋሽ ተነስቶ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ፣ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ ይደርሳል የተባለው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር ነው። እሱም ቢሆን ፉጨቱን እስካሁን አላሰማንም። ዘጠኝ ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ ባቡር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ያየው አንድ ፉርጎ ብቻ ነው፤ እሷም ከስንዝር እምብዛም አትበልጥም።

አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው፤ በከተማው አጠራር ሺሚኖ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንሳዊ አለቃው ልጆቹ የጠገቡትን የመጫወቻ ፉርጎ ሰጠውና ለእኔ ይዞልኝ መጣ። ያኔ እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሆዷ ሥር ጁዌፍ የሚል የፈረንሳይ ፋብሪካ ስም ተቀርጿል። የሌላ አገር ባቡር መምሰሏ ለአባቴ አልተዋጠለትም መሰለኝ፣ ከጥገና ክፍሉ በተራረፈ ቀለም ቀብቶ የእኛን ፉርጎ አደረጋት። ሥራ ስይዝ፣ ስዳር፣ በአፋር ጤና ጣቢያዎች ስዘዋወር አብራኝ ዞራለች።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ጭፍራ ሲደርስ ወደ ሚሌ ሸሸን። ስንመለስ በራችን ተገንጥሎ፣ ዕቃው ተበትኖ ነበር። ፉርጎዋን ጓሮ ውስጥ ተረግጣ አገኘኋት። ጣሪያዋ ተሰንጥቋል፣ አንድ መንኮራኩር ተሰብሯል፣ የመስኮቶቿ መስታወት አንድም አልቀረም። ያኔ ስለ አሻንጉሊት የሚያስብ ማን ነበር? በፌስታል ቋጥሬ ቁምሳጥን ሥር ወረወርኳት። ዘንድሮ በየካቲት የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጁ ኳሱን ሲፈልግ አገኛትና ይዟት መጣ። «እማማ፣ ይቺን አክሚልኝ» አለኝ። እንግዲህ ነርስ እንዲህ ተብላ ምን ትመልሳለች?

ጡረታ የወጣ የጤና ሠራተኛ ቤት ለዚህ ሥራ የሚሆን ዕቃ አይጠፋበትም። ለመስኮቱ የራሴን የጉልበት ራጅ ሰዋሁ። ራጁን በረኪና ውስጥ ስትዘፈዝፉት ጥቁሩ ሽፋን ይለቃል፤ በውሃ ሲታጠብ ጥርት ያለ፣ ትንሽ ሰማያዊ የሚል ፕላስቲክ ይቀራል። በመቀስ ቆርጠን ከውስጥ በኩል በኮላ ለጠፍነው። በረኪናውን ግን እኔ ነኝ የያዝኩት፤ በር ከፍቼ፣ ጓንት አድርጌ። ለወንበሮቹ የጉሮሮ መመርመሪያ እንጨት ተጠቀምን። ትናንሾቹን ነገሮች በፎርሴፕስ እንይዛለን፤ ኮላውን መርፌው በወጣ ሲሪንጅ ጠብ እናደርጋለን። ልጁ ሲሪንጁን ሲይዝ እጁ አይንቀጠቀጥም። ለእናቱ ነገርኳት፤ ዶክተር ይሆናል ብላ ሰፈሩን አዳረሰችው።

ሒሳቡን የወደደው ልኩን ስነግረው ነው። እንዲህ ያለው መጫወቻ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። 1 ሜትር ከ70 የሚረዝም ሰው እዚህ ውስጥ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚል ወንበር 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይወጣዋል። ደብተሩን አውጥቶ ቤቱን ሁሉ ለ87 ያካፍል ጀመር፤ በሩን፣ ፍየሏን፣ እኔን። ከዚያ የመንኮራኩሮቹን ስፋት በማስመሪያ ለካና አንድ ነገር ያዘ። በሁለቱ መካከል ያለው ወደ 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። በ87 ሲባዛ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ገደማ መጣለት። የድሬዳዋው ሐዲድ ስፋት ግን አንድ ሜትር እንደነበር ነግሬዋለሁ። «ታዲያ ይቺ የኛ አይደለችማ!» አለ።

ልክ ነው። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጥተው፣ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። ርዝመቱ ወደ 784 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነው። አባቴ ቀለሟን ቢቀይርም እግሯን አልቀየረም ነበር። እኛ ቀየርነው። መንኮራኩሮቹን በብረቱ ዘንግ ላይ ቀስ አድርገን እያሽከረከርን ወደ ውስጥ ገፋናቸው፤ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ቆሙ። ለተሰበረው ምትክ የባሌን የድሮ ሸሚዝ ቁልፍ ሰጠሁት። 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆነ።

ቀለሙ ላይ ግን ልቆጣችሁ። ቤታችሁ ያለ አሮጌ መጫወቻ ቀለሙ ሲላጥ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ ልታድሱት አትነሱ። በዚያ ዘመን ለብረት የሚቀባ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ ነበረበት። ብናኙ በእጅና በአየር ወደ ልጅ ሆድ ይገባል፤ አእምሮን ይጎዳል። ለልጅ ምንም አይለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። እኔ ያደረግኩት ይኸውላችሁ፦ ልጁን ከአጠገቤ አባረርኩ፤ የተላጠውን ብቻ በውሃ ባራስኩት ጨርቅ ጠረግኩ፤ ጨርቁን በፌስታል ቋጥሬ ጣልኩ፤ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ያልተነሳውን ቀለም አልነካሁትም፤ በላዩ ላይ ቀባንበት። ይሄ ደግሞ የአባቴን እጅ ከሥር አቆየልኝ።

ስህተትም ሠርቻለሁ። ለጣሪያው የልጄን የጥፍር ቀለም ቀባሁ። በነጋታው ፕላስቲኩ እንደ ሰም ለስልሶ፣ ጣቴ የነካው ቦታ ሁሉ ምልክት አውጥቶ ጠበቀኝ። የጥፍር ቀለም ፕላስቲክ ያሟሟል፤ በስልሳ ስድስት ዓመቴ ተማርኩ። ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት የውሃ ቀለም ከነጭ ኮላ ጋር በጥብጠን ቀባን፤ አልከዳንም።

ልጁ መብራት እናስገባባት ብሎ የእህቱን የሚብለጨለጭ ጫማ ሊፈታ ሲል ደረስኩበት። ከውስጥ ያለችው እንደ ቁልፍ ጠፍጣፋ የሆነች ባትሪ አንድ ሕፃን ብትውጣትና ጉሮሮ ላይ ብትቀር በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች። ልጅ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስተፉት፣ እስኪወጣ ብላችሁም አትጠብቁ፤ በዚያው ደቂቃ ራጅ ወዳለበት ጤና ተቋም ሩጡ። ፉርጎዋ ያለ መብራት ቀረች።

ከዚያ ወንበሮቹ ደርቀው፣ ጣሪያው ሳይዘጋ፣ «እማማ፣ ሰዎቹስ?» አለኝ።

ሰው አያስፈልጋትም አልኩት። ለምን አለ። ባዶዋን ታምራለች አልኩ። ልጅ ውሸት ያሸታል፤ ዝም ብሎ አየኝ።

ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር ድልድይ ላይ ወዳለ ኩርባ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባና ፉርጎዎቹ ገደል ወደቁ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ከከፉት አንዱ ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ቁስለኛ በመጣበት አንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የእግር ማሰሪያ ጣውላ አልቆብን የመድኃኒት ካርቶን እያጠፍን አሰርን። አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ ዳሌያቸው የተሰበረ። ስለ ሕመማቸው አንድም ጊዜ አልጠየቁኝም። የሚጠይቁኝ ጭናቸው ላይ ተቀምጦ ስለነበረ የልጃቸው ልጅ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ነጠላዬን ይይዙኛል። በመጨረሻ «አለ፣ እማማ፣ ሌላ ክፍል ተኝቷል» አልኳቸው። ሄጄ አላየሁም ነበር። ለቀቁኝ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በማግስቱ ስመለስ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ወዴት እንደተወሰዱ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ እውነቱን ለመናገር አጥብቄም አልጠየቅኩ። ዘንድሮ አርባ ዓመት ሞላው።

ይህን ሁሉ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይነገራል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልነገርኩትም። ግን አልዋሸሁትም። ከልጅ ጋር ስለ ሞት ሲወራ የምከተለው አንድ ነገር አለ፦ የጠየቀውን ብቻ፣ በአጭር ቃል። «ተኙ»፣ «ሩቅ ሄዱ» አልልም፤ ከዚያ በኋላ መተኛት የሚፈራ፣ ገበያ የሄደች እናቱን ደጅ ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ አይቻለሁ። ስለዚህ ድሮ ባቡር ወድቆ ብዙ ሰው እንደሞተ፣ እኔ ቁስለኞቹን እንዳከምኩ፣ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን እንደጠየቁኝና ሳላይ አለ እንዳልኳቸው ነገርኩት።

«አገኙት?»

«አላውቅም።»

ጥቂት ዝም አለና «እኛ ሚሌ ስንሄድ ማታ እጄን ጨምቀሽ ይዘሽኝ ነበር። አሞኝ ነበር» አለ። ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የሚያስታውስ አልመሰለኝም ነበር።

ያን ቀን ሥራ አልሠራንም። በነጋታው ግን የክብሪት እንጨት ቆርጦ፣ ጥጥ በኮላ ጠቅልሎ፣ ተሳፋሪ መሥራት ጀመረ። ጠገራ ጸጉር ያለው የአፋር ሰው ሠራ። ዘንቢል የያዘች ሴት ሠራ፤ ዘንቢሏን ምስር የሚያህል አድርጎ በክር ፈተላት። ነጭ ለብሳ በሩ አጠገብ የቆመችው እኔ ነኝ አሉ፤ ወገቤ ላይ አላዘነልኝም። በመጨረሻ አንዲት አሮጊትና አንድ ሕፃን ሠርቶ መጣና «እነዚህን በሱፐር ግሉ አጣብቂልኝ» አለኝ። ለሌሎቹ ነጩ ኮላ በቅቷል ብለው «እነዚህ እንዳይላቀቁ ነው» አለ።

ሱፐር ግሉ ቤታችን ውስጥ የእኔ ብቻ ሥራ ነው። በፎርሴፕስ ይዤ አንድ ጠብታ አደረግኩ። ዓይኔ በደንብ አላየልኝም መሰለኝ አውራ ጣቴን ከሌባ ጣቴ አጣበቅኩት። ያጋጠማችሁ እንደሆነ አትሳቡት፤ ቆዳ ይገነጠላል። በሞቀ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፋችሁ ቀስ እያላችሁ አሹት። ልጁ ውሃውን አሙቆ አመጣልኝ፤ እየሳቀ።

አሮጊቷና ሕፃኑ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል፤ በራጁ ውስጥ ትንሽ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ፉርጎዋ አሁን ቁምሳጥን ላይ ናት፤ ምክንያቱም ሁለት ዓመት ያልሞላት እህቱ ባለ ዘንቢሏን ተሳፋሪ አፏ ውስጥ ከትታ በጣቴ አውጥቻለሁ። ጣሪያውን ገና አልዘጋነውም። ትኬት ቆራጩ ይቀራል፤ ኮፍያው በ87 ሲካፈል ስንት እንደሚሆን አልተስማማንም።