ከአፅሙ ይልቅ የጥጡ በረዶ ያስፈራኛል

ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ሰሞኑን በክበብ ሰዓት «ዘ ናይትሜር ቢፎር ክሪስማስ» የሚባለውን ፊልም ለተማሪዎች አሳየሁ። በማግስቱ አንድ አባት መጡና «መምህር፣ በገና ሰሞን የሚዘፍን አፅም ለልጆች ታሳያለህ አሉ?» አሉኝ። «አዎ አባቴ» አልኩ። ተቆጥተው ሄዱ። እርሳቸውን አከብራለሁ፤ ነገሩን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም።

ፊልሙ የወጣው በ1993 (እ.ኤ.አ.) ነው። ታሪኩ የቲም በርተን፣ ዝግጅቱ የሄንሪ ሴሊክ፣ ዘፈኖቹ የዳኒ ኤልፍማን ናቸው። አሻንጉሊቶቹን በእጅ ቅንጣት ታህል እያንቀሳቀሱ ፎቶ ያነሳሉ፤ ለአንድ ሰከንድ እስከ 24 ፎቶ! ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለጃክ ብቻ 400 ያህል ጭንቅላት ተሠርቶለታል።

ጃክ ቀጭን አፅም ነው፤ ፈረንጆች ሃሎዊን የሚሉት የማስፈራሪያ በዓል ንጉሥ። የራሱ በዓል ሰለቸው። ገናን አየና ልቡ ጠፋ። የገና ጌጥ ፈጭቶ፣ አፍልቶ ምስጢሩን ይፈልጋል፤ ልክ እንደ ኬሚስትሪ መምህር! አልገባውም። የገና አባትን አስጠልፎ ስጦታ ማደል ጀመረ። ልጆቹ ስጦታውን ሲከፍቱ እባብ፣ የደረቀ ጭንቅላት። በመድፍ ተመትቶ መቃብር ላይ ወደቀ። እዚያ ወድቆ ነው ማን እንደሆነ ትዝ ያለው።

እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። ጃክ ክፉ አይደለም፤ በሰው በዓል ፍቅር የወደቀ ምስኪን ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ማንም አያዝንለትም ነበር።

«ልጆችን ያስፈራል» ለሚሉ፦ ዲዝኒም ይጨልማል ብሎ ስለፈራ ተችስቶን በሚለው ሌላ ስሙ ነው ያወጣው። ግን እስቲ በእውነት፣ ከመካከላችን አያ ጅቦ መጣብህ ሳይባል ያደገ ማን ነው? ፈራን፣ ሳቅን፣ አደግን። ምን ሆንን?

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የፕላስቲክ ጥድ ላይ ጥጥ በትነን በረዶ ነው እንላለን። የጉናን ውርጭ ለሚያውቅ ልጅ የጥጥ በረዶ! የጃክን ስህተት እየሠራን ያለነው እኛ ነን፤ ያውም ያለ ዘፈኑ።

ክፍል ውስጥ «ጅራፍ መግመድ የሚችል?» ብዬ ጠየቅኩ። ጥቂት እጅ ወጣ። ቀይ ለባሹን የገና አባት የማያውቅ ግን አልነበረም። ይሄ የሆነው የት ነው? ደብረ ታቦር! የቡሄ በዓል ስሙ ራሱ ደብረ ታቦር በሆነበት ሀገር፣ ስሙን የተሸከመችው ከተማ ውስጥ!

የነሐሴ ጭጋግ፣ ጨለማውን የሚሰነጥቅ ጅራፍ፣ ችቦ፣ ሙልሙል የሚለምኑ ልጆች፣ ካልሰጣችሁን አንሄድም የሚል ዘፈን። ከዚህ የተሻለ ጨለምለም ያለና የሚያስቅ የበዓል ፊልም ከየት ይመጣል?

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ክረምት ከብት ስትጠብቁ የጭቃ በሬ ሠርታችኋል። ካሜራ ያለው ስልክ በኪሳችሁ አለ። ጭቃውን ትንሽ ማንቀሳቀስ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ደግሞ ማንቀሳቀስ። ለቡሄ የአንድ ደቂቃ ሥራ ላኩልኝ። በክበብ ሰዓት እኔ አሳያለሁ፤ እኚያን አባትም እጋብዛቸዋለሁ።

የማትስማሙ ጻፉ፣ እንከራከር። ስድብ ግን አልቀበልም።