በሽታውን የደበቀ ሯጭ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ተማሪዎቼ ፊት ስንት ዓመት እንደተነተንኩት እግዜር ይወቀው። ተረቱ ትንታኔ ሳይሆን ሰሚ እንደሚፈልግ የገባኝ ግን ቦሩ ሜዳ ላይ ነው።

ማለዳ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልምምድ ከሚሠሩት ወጣቶች አንዱ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ባሕር ዛፍ ሥር ጎንበስ ብሏል። ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ስቀርበው በእጁ የያዛትን ነገር ቶሎ ብሎ ኪሱ ከተታት፤ ሲጋራ ይዞ የተገኘ ተማሪ መሰለኝ። ለካ በአፍ የምትሳብ የአስም መድኃኒት ናት!

«ምነው ልጄ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ለአሠልጣኙ እንዳይነግሩብኝ። በሽተኛ ነው ተብዬ እቀነሳለሁ። ልጆቹም ዶፒንግ ነው ይሉኛል። ለውድድር ሰሞንማ ይቺን ትቼ ክኒኑን ነው የምውጠው። እሱን ማንም አያይብኝም።»

ደሜ ፈላ። በልጁ አይደለም፣ በእኛ ነው።

ልብ በሉ! የዓለም ፀረ ዶፒንግ ሕግ በአፍ የሚሳበውን ሳልቡታሞል በ24 ሰዓት እስከ 1600 ማይክሮ ግራም ይፈቅዳል፤ በ8 ሰዓት ውስጥ ከ600 እንዳይበልጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው። የተለመደችው መንፊያ ደግሞ በአንድ ጊዜ የምትሰጠው 100 ነው። ክኒኑ ግን ያለ ልዩ ፈቃድ ክልክል ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ የተፈቀደውን አፍሮ ይደብቃል፣ የተከለከለውን በሰላም ይውጣል። አንድ ቀን ቢመረመር ስሙ አብሮ ይጠፋል። ይህን ያስተማረው አስሙ ነው? አይደለም፤ የእኛ ምላስ ነው።

«ሯጭና አስም ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ሯጭ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በገፍ ይስባል፤ አስም ያለበት ሰው የአየር ቧንቧ ደግሞ ይህን ጊዜ ይኮማተራል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን አንርሳ። በ1999 ዓ.ም. የለንደን ማራቶንን መተንፈስ ቸግሮት አቋረጠ። በ2000 የቤጂንግ አየር ለአስሜ አይሆንም ብሎ ማራቶኑን በይፋ ተወ፤ በ10 ሺህ ሜትር ሮጦ 6ኛ ወጣ። በመስከረም 2001 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

«እሱማ ኃይሌ ነው፤ ማን ይቀንሰዋል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ የኔም እሮሮ ይኸው ነው። ሕመምን መናገር ስም ላላቸው ብቻ የተፈቀደ ቅንጦት ሆኗል። አሠልጣኙም ልጅ ሜዳ ላይ ቢወድቅብኝስ ብሎ ይሰጋል፤ አይፈረድበትም። ግን ጎበዝ፣ የሚያስፈራው በሽታውን የነገረው ልጅ ነው ወይስ የደበቀው?

ይህ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ነው! እዚህ ያለው ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ሲያክም ኖሯል። ሥጋ ደዌ በጊዜ ከታከመ ይድናል። ስንቱን ጣት ያሳጣው ሰው እንዳያየኝ ብሎ ቤት መክረም ነው። ይህን ያየ አገር አስምን ሲያስደብቅ አያፍርም?

አሠልጣኝ ሆይ፣ የልጆችህን ሕመም ጠይቅ፤ ለመቀነስ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ለመላክ። ጓደኛ ሆይ፣ የማታውቀውን ዶፒንግ አትበል።

አንተ ልጅ ደግሞ፣ አብሽር። ክኒኑን ተውና ሐኪምህን አማክር። ያቺን መንፊያም ከኪስህ አውጣት፤ ማፈር ያለብን እኛ ነን።