የማያየን አስተማሪ

ቡታጅራ ላይ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ወዳጅ አለን። ቀኑን ሙሉ ታጥፎ መዋሉ ወገቡን ቢያስመርረው ጊዜ፣ ማታ ስልኩን አውጥቶ የዮጋ ቪዲዮ ከፈተ። ቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ እንደ መቀነት ትጠቀለላለች። እሱም ከማን አንሼ ብሎ በጭንቅላቱ ሊቆም ሞከረና ሦስት ቀን አንገቱን ማዞር አቅቶት ሰነበተ። «ዮጋ ለኛ አልተፈጠረም» ሲልም ደመደመ።

እኛ ግን ጥፋቱ የዮጋው ሳይሆን የአመራረጡ ነው እንላለን። መቼም አብዛኞቻችን ቪዲዮ የምንመርጠው በዓይናችን ነው፤ ባሕር ዳርቻውን፣ ያማረውን ቁመና፣ የተመልካቹን ብዛት አይተን። የቪዲዮ አስተማሪ ግን አንድ የማይቀር ጉድለት አለበት፤ አያየንም። ጉልበታችን ሲጣመም «ተው!» አይለንም። ስለዚህ ጥሩ ቪዲዮ ማለት እንደማያየን የሚያውቅ አስተማሪ ያለበት ነው።

ታዲያ በምን እንለየው? በጆሮ! ስልኩን ገልብጣችሁ አምስት ደቂቃ ስሙት። እግራችሁ የት እንደሚያርፍ፣ መቼ እንደምትተነፍሱ፣ ምን ሲሰማችሁ ማቆም እንዳለባችሁ ሳታዩ ከገባችሁ ያዙት። ካልገባችሁ አንገታችሁን ወደ ስልኩ እያጣመማችሁ ልትሠሩ ነው። እንግሊዝኛው የሚያደናግር ከሆነም በሚገባችሁ ቋንቋ ፈልጉ። ዮጋ ከህንድ መንፈሳዊ ትውፊት የመጣ በመሆኑ አንዳንዱ ቪዲዮ ዝማሬ አለው፤ ሌላው እንቅስቃሴና ትንፋሽ ብቻ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ግቢ ተጋርቶ በሚኖርበት ከተማችን፣ ቀድሞ መስማቱ ለዚህም ይበጃል።

ሌላው ምልክት ማቅለያ መስጠቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በታተመው «ላይት ኦን ዮጋ» መጽሐፉ ዓለም ያወቀው ህንዳዊው መምህር ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር፣ በወንበር፣ በማሰሪያና በብርድ ልብስ እየደገፈ ያስተምር ነበር። የኛስ ቤት በርጩማ፣ መቀነትና ጋቢ መቼ አጣ? የታጠፈ ጋቢ ከጉልበት ሥር፣ መቀነቱ ደግሞ እጃችን ለማይደርስበት እግር! (ሲሚንቶ ላይ አንጥፋችሁ ግን አትቁሙበት፤ ያንሸራትታል።)

ጀማሪን በመጀመሪያው ቀን በጭንቅላቱ የሚያቆም ቪዲዮ ካጋጠማችሁ እለፉት። የደም ግፊት ወይም ግላኮማ ያለበት ሰውማ ሐኪሙን ሳያማክር ባይዘቀዘቅ ይሻለዋል። ይህን የማያነሳ አስተማሪ የሚያስበው ለካሜራው ነው።

የኢንተርኔት ሒሳቡስ? አንድ የሃያ ደቂቃ ቪዲዮ መርጣችሁ በዝቅተኛ ጥራት አውርዱና ወሩን ሙሉ እሱኑ ደጋግሙ። በጆሮው ለሚሠራ ሰው ምስሉ ቢደበዝዝ ምን ቸገረው?

ወዳጃችን ሰሞኑን ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ቪዲዮ ጀምሯል። ወገቡ ድኗል አንልም፤ ካልተሻለው ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለበትም ነግረነዋል። ግን አንድ ነገር ተምሯል፤ ሲያመው ያቆማል። ይህን ያስተማረው ደግሞ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው።