«አታምነኝም ማለት ነው?»

«ተጠራጣሪ» የምትለዋ ቃል በየቤታችን መቼ እንደምትነሳ አስተውላችኋል? ሰው ያለ ማስረጃ ሲታማ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር፤ ቁርአን ከጥርጣሬ አብዛኛውን እንድንርቅ አዞናልና (49፡12)። በእኛ ዘንድ ግን ቃሏ የምትመዘዘው አንዱ «እስቲ በወረቀት እናስፍረው» ሲል ነው። «አታምነኝም ማለት ነው? ምን ያለህ ተጠራጣሪ ነህ!» ይባላል። ጠያቂውም አፍሮ ወረቀቱን አጥፎ ይመለሳል።

እስቲ ሱረቱል በቀራህን ግለጡ። ከቁርአን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ 282ኛው ስለ ምን ይመስላችኋል? ዕዳን ስለ መጻፍ ነው። ጸሐፊው በፍትሕ ይጻፍ፣ ምስክር ይቁም፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ ለመጻፍ አትሰልቹ ይላል። የሚጀምረውም ያመኑትን በመጥራት ነው። ታዲያ መጻፍ አለመተማመን ከሆነ አላህ (ሱ.ወ) ምእመናንን በአለመተማመን አዘዘ ልንል ነው? አስተግፊሩላህ! እርግጥ ነው፣ አብዛኞቹ ዑለማእ መጻፉ የተወደደ እንጂ ግዴታ አይደለም ብለዋል፤ ተከታዩም አንቀጽ እርስ በርስ ለተማመኑ መንገድ ትቷል፣ የታመነው አማናውን ያድርስ በሚል ማሰሪያ። ነገር ግን የተወደደውን ነገር ነውር ያደረግነው እኛ በየትኛው ዳሊል ነው?

በዚህች ቃል በብዛት የምትመታው በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትደክም እህታችን ናት። መሬት ግዛልኝ፣ ቤት አሠራልኝ ብላ ለወንድሟ ትልካለች። አንድ ቀን በስልክ «ካርታው በማን ስም ነው?» ብትል «ጅዳ ሄደሽ ተጠራጣሪ ሆንሽ!» ይላታል። እናትም ከጎን ሆና «ወንድምሽ አይደል እንዴ?» ትላለች። መመለስ ደግሞ ቀን አይሰጥም። በ2006 ዓ.ም ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ አይተናል። እንዲህ ድንገት ተመልሳ ቤቱን በወንድሟ ስም ብታገኘው፣ ያን ጊዜ «አደራ በላ» የሚለው ቃል ከየቤቱ ይጠፋል! «ተቸግሮ ነው፣ ገበና ነው፣ ሰብር አድርጊ» ብቻ ይሆናል።

የተጠነቀቀችውን ሰድበን የበላውን ሸፈንን ማለት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን አማናን መብላት ከኒፋቅ ምልክቶች አንዱ ነው ብለዋል። ሊገድሏቸው ካሴሩባት ከመካ ሲሰደዱ እንኳ ዐሊን (ረ.ዐ) ወደ ኋላ ያስቀሩት ሰዎች ያስቀመጡባቸውን አማና ለየባለቤቱ እንዲመልስ ነበር።

የእህትህ ገንዘብ በእጅህ ያለ ወንድሜ ሆይ፣ እስክትጠይቅህ አትጠብቅ። ዛሬ ማታ ደብተር አውጣ፤ የላከችውንና ያወጣኸውን ጻፍ፤ ሁለት ምስክር አስፈርም። ከዚያ ደውልላትና ካርታው ላይ የማን ስም እንዳለ ንገራት።