ከአደባባይ ወደ ምክር ቤት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። አንበሳው ከታሰረ በኋላ ምን ይደረግ የሚለውን ግን ተረቱ አልነገረንም። ይህን ጥያቄ በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው የቺሊ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል።

በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2011 የቺሊ ተማሪዎች ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ በመጠየቅ በሳንቲያጎ አደባባዮች ተሰለፉ። ከመሪዎቻቸው መካከል ካሚላ ቫዬሆና ጋብርኤል ቦሪክ በ2013 ተመርጠው የሕዝብ እንደራሴዎች ሆኑ። ከ2016 ጀምሮም ብዙ የድኻ ልጆች ያለ ክፍያ በዩኒቨርሲቲ ለመማር ቻሉ።

ይሁን እንጂ የእነዚህ እንደራሴዎች በወንበር መቀመጥ አደባባዩን ጸጥ አላሰኘውም። በ2019 በምድር ውስጥ ባቡር ዋጋ ላይ 30 ፔሶ ቢጨመር አገሩ በሙሉ ተነሣ። ቦሪክ አዲስ ሕገ መንግሥት እንዲጻፍ ከተቃራኒዎቹ ጋራ ስምምነት ቢፈርም የገዛ ፓርቲው ሰዎች ወቀሱት። በ2021 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ በ2022 ግን እርሱ የደገፈውን ረቂቅ ሕገ መንግሥት ከመቶ 62 የሚሆነው ድምፅ ሰጪ አልቀበልም አለ። በዚያን ቀን ድምፅ መስጠት ግዴታ ስለ ነበረ፤ ቀድሞ ከቤቱ የማይወጣ ብዙ ሰው ወጥቶ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፤ የአደባባይ ድምፅ ምንም ቢጐላ የሁሉ ድምፅ አለመሆኑን ነው። ሰልፍ ጥያቄውን ያነሣል፤ ምርጫ ጥያቄው የስንት ሰው እንደ ሆነ ይቈጥራል። ስለዚህ የሚሰለፈው ተማሪ ያልተሰለፈውን ጎረቤቱን ይጠይቅ፤ ወንበር የሚይዘው ወጣት ሹምም የመጣበትን መንገድ አይርሳ።