መድን መቀየር ስንት ያስከፍላል?

ከቡልቡላ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭነው ወደ አዳማ የሚወጡ የአይሱዙ ባለንብረቶች፣ «እኛ ዘንድ ይረክሳል» የሚል የመድን ወኪል አያጡም። የያዙትን ውል ከማፍረሳቸው በፊት ግን ሒሳቡን ቢያሰሉት ይበጃል።

ዓመታዊው ዓረቦን 30,000 ብር ነው እንበል። በስድስተኛው ወር የሚወጣ ደንበኛ ግማሹ፣ 15,000 ብር የሚመለስለት ይመስለዋል። ይሁንና ደንበኛው በራሱ ፈቃድ ሲያቋርጥ የሚሠራበት የተለመደው አሠራር የአጭር ጊዜ ታሪፍ ነው። ታሪፉ 70 በመቶውን ለኩባንያው ካስቀረ ተመላሹ 9,000 ብር ብቻ ይሆናል። አዲሱ ኩባንያ በዓመት 4,000 ብር ቢቀንስለት በቀሪው ግማሽ ዓመት የሚያተርፈው 2,000፣ የሚያጣው ግን 6,000 ብር ነው። በሕግ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ በመሆኑም በሁለቱ ውሎች መካከል አንድ ቀን እንኳ መኪናው ያለ ሽፋን መንገድ ላይ ሊወጣ አይገባም።

በአዋጅ ቁጥር 86/1986 የመድን ገበያው ለግል ባለሀብቶች ሲከፈት ደንበኛው አማራጭ አገኘ። አማራጩ የሚሠራው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ግን ውድድሩ የስም ነው። ኩባንያዎች የመውጫውን ታሪፍ ከፊርማ በፊት ያሳዩ፤ ባለንብረቱም እስከ እድሳቱ ቀን ታግሦ ዋጋ ያወዳድር።