ፍርሃት ቤት ሲቀይር

«አስፈሪ ጨዋታ በተወለደበት ማሽን ላይ ይሙት፤ ወደ ሌላ ማሽን ማዛወር ንግድ እንጂ ጥበብ አይደለም» የሚል ክርክር ከቪዲዮ ጨዋታ ወዳጆች ዘንድ ደጋግሜ እሰማለሁ። ተከራካሪዎቹ የዋዛ ሰዎች አይደሉም። ጨዋታውን አሥር ጊዜ የጨረሱ፣ እያንዳንዱን መተላለፊያ እንደ ገዛ ግቢያቸው የሚያውቁ ናቸው። ቢሆንም ተሳስተዋል እላለሁ። የተሳሳቱትም በዋናው ጉዳይ ላይ ነው፤ ፍርሃቱ ከወዴት እንደሚመጣ አልመረመሩም።

ነገሩን በቅርብ ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ልበል። «ሰርቫይቫል ሆረር» የሚባለው የጨዋታ ዓይነት ተጫዋቹን ጀግና አያደርገውም። ጥይቱ በቁጥር፣ መድኃኒቱ በቁጥር፣ መንገዱ ጨለማ ነው። ነፍስን ይዞ መውጣት ብቻውን እንደ ድል ይቆጠራል። እንዲህ ያለው ሥራ መጀመሪያ ለአንድ ማሽን ይዘጋጅና ኋላ ለሌላው እንዲስማማ ተደርጎ እንደገና ይወጣል። ጠቡ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ከአንድ ተጨባጭ ሥራ እንነሣ። የጃፓኑ ካፕኮም «ሬዚደንት ኢቭል 2»ን እ.ኤ.አ. በ1998 ለፕሌይስቴሽን ሲያወጣ ሥራው በሁለት ሲዲ ነበር የቀረበው። ኒንቴንዶ 64 ደግሞ ሲዲ አያውቅም፤ የሚጫወተው በካሴት ነው። ኤንጅል ስቱዲዮስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ያንን ሁሉ በአንድ የ64 ሜጋባይት ካሴት ውስጥ እንዲያስገባ ሥራውን ተረከበ። አንድ ሲዲ ብቻውን ከ600 ሜጋባይት በላይ ሊይዝ እንደሚችል ያወቀ ሰው የሥራውን ክብደት ይገምተው። ግመልን በመርፌ ቀዳዳ ከማሳለፍ አይተናነስም። እ.ኤ.አ. በ1999 ካሴቱ ወጣ፤ የሊዮንም የክሌርም ታሪክ፣ ፊልሞቹም ሳይቀሩ፣ በውስጡ ተገኙ።

አዎን፣ ፊልሞቹ ደብዝዘዋል፤ ድምፁም ተጨምቋል። ይህን የሚክድ የለም። አሻጋሪዎቹ ግን ቀንሰው ብቻ አልተቀመጡም። ዕቃዎች የሚገኙበትን ቦታ የሚያቀያይር ምርጫ ጨመሩበት። የተከታታዩን ታሪክ የሚያብራሩ አዳዲስ ሰነዶችም በየስፍራው ደበቁ። «አሥር ጊዜ ጨርሼዋለሁ» ለሚለው ባለሙያ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ጥይት አለ ብሎ ነፍሴ አውጪኝ ሲል የሮጠበት ጥግ ሌላ ነገር ሲሰጠው፣ የሸመደደው ሁሉ ከንቱ ሆኖ የመጀመሪያው ቀን ፍርሃት ያገረሽበታል።

በሩንም እንመልከት። በፕሌይስቴሽኑ ጨዋታ ከክፍል ወደ ክፍል ሲታለፍ በጥቁር ጨለማ መካከል አንድ በር ቀስ ብሎ ሲከፈት ይታያል። ይህ የተደረገው ማሽኑ ቀጣዩን ክፍል ከሲዲው እስኪያነብ ድረስ ተጫዋቹን ለማቆየት ነበር። ካሴት ግን የሲዲን ያህል አያስጠብቅም። ታዲያ በሩ በኒንቴንዶው ቅጂ ለምን አልቀረም? የእኔ መልስ አጭር ነው፤ በሩ ችግር ለመሸፈን ተፈጠረ፣ ኋላ ግን ራሱ ፍርሃት ሆነ። ጥሩ አሻጋሪ ይህን ያውቃል።

መጥፎውስ? መጥፎው ምን እንደሚያደርግ «ሳይለንት ሂል» ያሳየናል። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የመጀመሪያው ክፍል ከተማውን በጉም የሸፈነው ፕሌይስቴሽኑ ሩቅ ያለውን መንገድና ቤት ሁሉ ባንድ ጊዜ መሣል ስላቃተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ጉሙን ሲወርስ ግን ጉሙ የታሪኩ መንፈስ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ተጣምረው ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ተዛወሩ። ሥዕሉ ጠራ፤ ጉሙ ሳሳ። ሐይቁ በጀልባ በሚታለፍበት ስፍራ ውኃው ተቆርጦ የሚያልቅበት ጠርዝ ገሃድ ወጣ። ተጫዋቹ ማየት የሌለበትን አየ፤ ያየውም ጭራቅ ሳይሆን ያላለቀ ሥዕል ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? የሥራው ኃላፊ በኋላ እንደገለጠው፣ ኮናሚ ለአሻጋሪዎቹ ያስረከበው የፕሮግራም ጽሑፍ ገበያ ላይ የዋለው የመጨረሻው አልነበረም። ይህ ማለት አንድ አሳታሚ የታረመውን መጽሐፍ ጥሎ ረቂቁን ለተርጓሚ እንደ መስጠት ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። በዚያው ዓመትም ኩባንያው ለኤክስቦክሱ ቅጂ ማስተካከያ እንደማያወጣ አስታወቀ። ገንዘቡን የከፈለው ሰው ጉድለቱን ታቅፎ ቀረ።

ተቃዋሚዎቼ ይህን ውድቀት ለራሳቸው ማስረጃ ያደርጉታል። አላደርግላቸውም! የተበላሸ ትርጉም አይተን «ከእንግዲህ መጽሐፍ አይተርጎም» አንልም። ከባዕድ ቋንቋ የተመለሰ ልብ ወለድ አንብቦ ያደገ ሰው እንዲህ ቢል ምን ይባላል?

ደግሞም መዛወር ለሥራው ያልነበረውን አካል ሊሰጠው ይችላል። «ሬዚደንት ኢቭል 4» እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ ለጌምኪዩብ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ለፕሌይስቴሽን 2 ተዛወረ። ሥዕሉ ከመጀመሪያው ደከም ያለ ነበር። ነገር ግን የአዳ ዎንግን ጉዞ የሚተርክ አዲስ ክፍል ይዞ መጣ። ያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ዊ ተሻገረ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ እንደ አዲስ ተሠርቶ ወጣ። «ደካማ ቅጂ» የተባለው ሥራ የወለደው ልጅ ይኸው ዛሬም በሕይወት አለ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማሽን ያረጃል፣ ሲዲ ይጫራል፣ ፋብሪካም ፊቱን ያዞራል። የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ ላይ የማይገኙ ሆነው ተገኝተዋል። «በተወለደበት ማሽን ላይ ይሙት» የሚሉ ወገኖች የጠየቁት እየተፈጸመላቸው ነው ማለት ነው። ደስ ይበላቸው!

እኔ ግን ከኩባንያዎቹ ሁለት ነገር እሻለሁ። የመጨረሻውን የፕሮግራም ጽሑፍ እንደ ብራና ይጠብቁት፤ ሥራውንም ጉሙ ለምን እንደተዘረጋ፣ በሩ ለምን ቀስ ብሎ እንደሚከፈት ለሚያውቅ ሰው ይስጡት። ይህ ከተሟላ ፍርሃት ቤት ቢቀይርም አድራሻው አይጠፋውም። የሚያገኘን እዚያው የምናውቀው ጨለማ ውስጥ ነው።